የመለዋወጫ ክፍሏ ተማሪ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። የምትሠራው በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። መካኒኮቹ በጠባቧ መስኮት አንገታቸውን አስግገው የፈለጉትን ይጠይቃሉ፤ እሷም መደርደሪያውን ዞር ብላ ሳታይ እጇን ሰዳ ታወጣላቸዋለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት አለቆች መጡባት። ሦስቱም ዲግሪ ነበራቸው፤ ሦስቱንም ሥራውን ያስተማረቻቸው እሷ ነበረች።

«አለቃ እያሠለጠንኩ ጡረታ ልወጣ ነው እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን እየሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። በሳምንቱ፣ በአርባ ዓመቷ፣ ለቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ ተመዘገበች። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ትውላለች፤ በምሳ ሰዓት መስኮቷን ገርበብ አድርጋ፣ የሞተር ዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታነባለች።

ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕድ ቤት ገባ። ድስት አሳረረ፣ ጨው አበዛ። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ያረረውንም ጨው የበዛበትንም ሳያጉረመርሙ በሉ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እኔ ጋ፣ ፀጉር ቤቴ መጣች።

«ትምህርትስ?» አልኳት።

«መምህሩ ቀረ።»

የደንበኞቼን ፀጉር ስታጥብልኝ ዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ቀረ።»

«ምነው፣ ሰውየው ሞተ እንዴ?» ስላት መሳቅ ጀምራ በለቅሶ ጨረሰችው። ለካ ስታትስቲክስ ወድቃ ኖሯል። ለባሏም አልነገረችም። እኔም ማባበሉን አባበልኳት እንጂ፣ ማስረዳቱንማ ከየት አባቴ ላምጣ?

ነገሩን የነቃበት የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። ሸምገል ያለ፣ ቁጡ ሰው ነው፤ ከጀርባው «ነጎድጓድ» ይሉታል። በምሳ ሰዓት በመስኮቷ ሲያልፍ፣ መጽሐፍ ሳትይዝ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ አገኛት።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፉ የታለ?»

«ተውኩት ጋሼ። ስታትስቲክስ አቃተኝ። አማካይ፣ ልዩነት ሲሉኝ ራሴን ያዞረኛል።»

በሳምንቱ ስድስት ያለቁ የፍሬን ሸራዎች ታቅፎ መጣና መስኮቱ ላይ ዘረገፋቸው። ሦስቱን ወደ ግራ፣ ሦስቱን ወደ ቀኝ ለየ።

«እነዚህ ከአንድ አውቶቡስ የወጡ ናቸው። ስንት ስንት ወር ሠሩ?»

የዕቃ ካርዷን አየች። «አምስት፣ ስድስት፣ አራት።»

«የወዲያኛው አውቶቡስስ?»

«አሥር፣ አንድ፣ አራት።»

«አማካያቸው?»

አሰላችው። «የሁለቱም አምስት።»

«እንግዲያው እኩል ናቸዋ?»

«ኧረ የምን እኩል! የመጀመሪያው መቼ እንደሚመጣ ስለማውቅ ሸራውን አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ። ያኛው ግን መቼ ጉድ እንደሚሠራኝ አይታወቅም።»

«በቃ! አንቺ አይታወቅም ላልሽው ነገር ነው እነሱ ልዩነት የሚል ስም ያወጡለት።»

ቆይታ እንደሰማችው፣ እሱ ራሱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። መምህርት የሆነች ልጁ ቤት ሄዶ፣ እሁድን ሙሉ «አስረጂኝ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷት ነው የመጣው። «እንዲህ ያለ ሰው እያለልኝ እንዴት እተዋለሁ?» አለችኝ እታለም።

ትምህርቱን ደግማ ወሰደችና በጥሩ ውጤት አለፈች። በመመረቂያ ጽሑፏም አውቶቡሶች መለዋወጫ እያጡ ለምን እንደሚቆሙ ጻፈች። ጋራዡ ምክሯን ተቀብሎ፣ ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች አስቀድሞ ማዘዝ ጀመረ። ዛሬ የአቅርቦት ክፍሉ ኃላፊ ናት።

የተመረቀችው በአምስት ዓመት ተኩል ነው። ዋና መካኒኩ በዚያን ሰሞን ጉልበቱን ታሞ ተኝቶ ስለነበር መምጣት አልቻለም። ስለዚህ ከአዳራሹ እንደወጣን፣ ካባዋን ሳታወልቅ ሁላችንንም ይዛን ቤቱ ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቆቧን አንስታ ራሱ ላይ ደፋችለት። ሚስቱ እየሳቀች መስታወት አመጣችለት። ግራ ቀኝ ዞሮ ራሱን አየ።

«ጠበበችኝ» አለ። «የኔ ጭንቅላት ሰፊ ነው።»

«ለእሱማ እኔ ምስክር ነኝ ጋሼ» አለችውና ግንባሩን ሳመችው።