የተከራከርኩለት ልቦለድ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ከቀሩት ኬክ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ሳማስል፣ ከጀርባዬ ሁለት ወጣቶች ስለ አንድ መጽሐፍ ይከራከሩ ነበር። «ስለ ሠራተኛ ችግር ሊጽፍ ከተነሳ ፍቅሩን ምን ዶለው?» አለች አንደኛዋ። ዞር ብዬ ልመልስላት አማረኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝና ተውኩት። ልጃገረድ ሳለሁ ይህንኑ ጥያቄ ሰው ፊት መልሼዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ በአንድ መጽሐፍ ቤት ሻጭ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል፣ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን እናነብ ነበር። ሰብሳቢያችን ጋሼ ጌታነህ የታሪክ መምህር ናቸው። በተማሪነታቸው በግራ ክንፍ ድርጅት ውስጥ ታግለው ዓመታት ታስረዋል። ጭቁን የሌለበትን ልቦለድ ልቦለድ አይሉትም ነበር።

ከጎኔ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ዘቢደር ናት። እሪ በከንቱ ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ከእሷ ጋር እንዋደድ ነበር፤ ሰው ጎጆ ሊቀልስ ካሰበው ሰው ጋር እንደሚዋደደው ማለቴ ነው። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቢታወቅ እኔ ከሥራዬ፣ እሷም ከወንድሞቿ ቤት መባረራችን አይቀርም።

በዚያ ክረምት መጽሐፍ የመጠቆም ተራ ደረሰኝ። ከውጭ ከመጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ አግኝቼ ነበር። ክር ፋብሪካ ስለሚሠሩ ሁለት ሴቶች ነው። ይዋደዳሉ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ ደመወዝ ሲቀነስ አድማውን ከፊት ሆነው ይመራሉ። በምሳ ሰዓት ባንኮኒው ሥር ተደብቄ ሳነበው አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ስለ ድሃ የተጻፉት መጻሕፍት እኔን አያውቁኝም፤ ስለ ፍቅር የተጻፉት ደግሞ ኪራይ ከፍለው አያውቁም ነበር።

«ሌላ መጽሐፍ አቅርቢ፣ በናትሽ» አለችኝ ዘቢደር በር ላይ። «ሰው ዓይን ውስጥ አትክተቺን።»

አቀረብኩት። ታደሰ የሚባል የባንክ ሠራተኛ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ጋሼ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ አድማውን ወድጄዋለሁ። የሴቶቹ ነገር ግን የጥጋበኛ ቅብጠት ነው። ከትግሉ ጋር ምን አገናኘው?»

«ጋሼ፣ ደመወዛቸው ሲቀነስ እኮ አብረው ነው የሚራቡት» አልኩ። «አንድ ገጽ ብቻ ላንብብልዎ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እየጮኽኩ፣ እዚያው እየተረጎምኩ አነበብኩ። የአድማው ኮሚቴ ሁለቱን ሴቶች ጠርቶ፣ «አሠሪዎቹ ስማችንን ያጠፉበታል፤ ለትግሉ ስትሉ ተለያዩ» ይላቸዋል። ትልቅየዋ ትመልሳለች፦ «የምንታገለው ሰው ሆነን ለመኖር ነው። ግማሻችንን ደብቀን ብናሸንፍ፣ ያሸነፈው ማን ሊባል ነው?»

ቀና ስል ጋሼ ጌታነህ መነጽራቸውን አውልቀዋል።

«እኔንም ድርጅቱ የምወዳትን ልጅ ተዋት ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። «አባቷ ባለርስት ነበሩ። የጠላት ልጅ ናት ተባለ፤ ለትግሉ ስል ተውኳት። ትክክል ነው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ሳስተምር ኖርኩ።» ወደ ታደሰ ዞሩ። «አንተ፣ ቅድም ምን አሳቀህ?» ከዚያ ወደ እኔ። «ቀጥዪ። እስከ መጨረሻው እናነበዋለን።»

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አደይ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ አነበብነው። ዘቢደር የስፌት ቤት ባልደረቦቿን ይዛ መጣች፤ ወንበር አልበቃ ብሎ የለስላሳ ሣጥን ደርድረን ተቀመጥን። ታደሰ ከሁሉ ቀድሞ መድረስ ጀመረ፤ አንድ ቀንማ ሚልፎሊ ኬክ ጋብዞኝ፣ «ሴቶቹን ይለያዩዋቸዋል እንዴ? ቶሎ ንገሪኝ» ብሎ ለመነኝ። ልቦለዱ ሲያልቅ አድማው ድል አድርጎ፣ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን በፋብሪካው በር ሲገቡ፣ ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ሠርግ መስሏቸው ከባንኮኒያቸው እየሮጡ መጡ።

ጋሼ ጌታነህ ለመምህር ወዳጆቻቸው፣ «ይህን ሳታነቡ ስለ ሠራተኛ እንዳታወሩኝ» ማለት ጀመሩ። ልቦለዱ ያለቀ ቀን ስንለያይ ግን እኔን ብቻ ነጠል አድርገው፣ ዘቢደርን በዓይናቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ማንም ተያት ቢልሽ እንዳትሰሚ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እኔና ዘቢደር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝተን፣ እየተቃጠልን እየፈለፈልን ቸርችልን ቁልቁል ወረድን።

«መጀመሪያ ባነበብሽ ቀን እኮ» አለች ዘቢደር፣ «ሊወግሩን ነው ብዬ የጫማዬን ክር አጥብቄ ነበር የጠበቅኩት።»

መሐል መንገድ ላይ ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ታክሲዎች ጡሩምባ ነፉብን።

ያ ኬክ ቤት ዛሬ ፈርሷል፤ ጋሼም አርፈዋል። መጽሐፍ ዓለምን ይለውጣል ሲሉ እጠራጠራለሁ። ያ ልቦለድ የለወጠው አንዲት ክፍል ብቻ ነው። የምንፈራው ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ነበርና፣ ለእኛ በቂ ነበር፤ በዚያ ክረምት ቀና ያለ አንገታችን እስከ ሽበት አልተደፋም።

ይህን ስጽፍ ዘቢደር ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። «ስሜን ለወጥሽው እንጂ ሰፈሩ እኮ ያውቀናል» አለች።

«ይወቀን» አልኳት።