በእትዬ ኡሙሀኒ ራስጌ የነበረችው ሳጥን

እትዬ ኡሙሀኒ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ባላቸው ጋሽ ዓወል አንዲት የእንጨት ሳጥን ሠሩላቸው። ጋሽ ዓወል ከአልዩ አምባ ወጥተው ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የኖሩ ሰው ናቸው። ከሳጥኗ የወጡት ሽቦዎች ግድግዳውን አልፈው ሳሎን ካሉት ከራዲዮው፣ ከቴፑና ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛሉ። እትዬ ከአልጋቸው ሳይነሱ በሳጥኗ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዞራሉ፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል።

"ቤቱን ሁሉ በአንድ ጣት ትገዢዋለሽ" ይሏቸው ነበር ጋሽ ዓወል እየሳቁ።

በሰፈራችን ግን ሌላ ቴሌቪዥን አልነበረም። ሲመሽ እኛ ጎረቤቶች ጋቢያችንን ተከናንበን "ቤት ለእንቦሳ!" እያልን እንገባለን። እትዬም ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው "እንቦሳ እሰሩ!" ይሉናል።

ልጃቸው ያሕያ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር ነበር። እሑድ ምሽት የወታደሮች ሰላምታ በራዲዮ ይተላለፋል፤ ሰዓቱ ግን ከቴሌቪዥኑ ድራማ ጋር ይገጥማል። ጋሽ ዓወል እሑድ የማታ ፈረቃ ናቸው። እትዬ ቁልፉ እጃቸው ላይ ሆኖ፣ እንግዳ ፊት ቴሌቪዥን ማጥፋት ይሉኝታ ያዛቸውና ሳምንት በሳምንት ዝም አሉ። እኛ ዓይነ ደረቆቹም አንድ ቀን እንኳ ምን ይፈልጉ ይሆን አላልንም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልጠይቃቸው ገብቼ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤታችን ንጋቷ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ትናንት እህቴ ቤት ያሕያን በራዲዮ ሰማሁት!"

"ወላሂ በይ! ምን አለ ልጄ?"

"ደህና ነኝ አለ። 'እናቴ ይህን ሰዓት እንደማታሳልፈው አውቃለሁ፤ አሁን እየሰማችኝ ነው' አለ።"

እትዬ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

በቀጣዩ እሑድ ድራማው ገና እንደጀመረ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለና ራዲዮው መናገር ጀመረ። የብዙ ወታደር ስም ተጠራ፤ ያሕያ አልነበረበትም። በሚቀጥለውም እሑድ አልነበረበትም። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በየእሑዱ እየሄድን አብረናቸው ራዲዮ አዳመጥን።

ከዚያ ወዲህ የልጁ ወሬ አልተሰማም። ድምፁን መጨረሻ የሰማችው ንጋቷ ነበረችና፣ እትዬ ኡሙሀኒ እስኪሞቱ ድረስ ባገኟት ቁጥር "እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ እንዴት አድርጎ ነበር ያለው?" ይሏት ነበር።