የነጎድጓድ ጆሮ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ቁመናው አስፈርቶ ወይም ቁጣው አስደንግጦ አይደለም፤ ሰውየው እንደ ሽቦ የቀጠነ ነው፣ ሲቆጣም የሚሰማው ከመዶሻው በቀር ማንም የለም። ስሙ የመጣው ከእጁ ሥራ ነው። ሞተር ሳይክል ይጠግናል፣ ከሁሉ በላይ ግን የታወቀው ማርሚታ በመክፈት ነው። የሞተሩን ጭስና ድምፅ ይዞ ወደ ኋላ የሚወጣውን ያንን ቱቦ ይቀደዋል፣ ድምፅ የሚያፍኑትን የሆድ ዕቃዎቹን አውጥቶ ይጥላል፣ መልሶ ይበይደዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሞተር ሰፈር ሲገባ ውሻ ይሸሻል፣ ሕፃን ከእንቅልፉ ይባንናል፣ አሮጊት ትራገማለች። ባለ ሞተሩ ግን ደረቱን ነፍቶ ያልፋል።

ደንበኞቹ የጮኸ ሁሉ ጉልበታም ይመስላቸዋል። ባዶ በርሜል ብዙ ይጮኻል የሚባለው ስለ ሰው እንጂ ስለ ሞተር የተነገረ አይመስላቸውም። ነጎድጓድም በጎረምሳነቱ እንደዚያው ያምን ነበር። ሞተር እንደ ሰው መተንፈስ አለበት እያለ ይከራከር ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ማርሚታው ሲከፈት ጭሱ ሳይጨናነቅ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በጥድፊያ ሲዞር፣ ጥቂት ፍጥነት ይጨመር ይሆናል። ቀሪውን ግማሽ ግን ማንም መስማት አይወድም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርና ሸክም ሲጎትት ጉልበቱ ይከዳዋል። በዚያ ላይ አየሩ ከቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ከልኩ በላይ ይግላል። ስለዚህ ማርሚታ የከፈተ ሰው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራተርም አብሮ ካላስተካከለ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

ነጎድጓድ ይህንን የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። የትልቁን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር ያጣብቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። በሌላው እጁ ትንሿን ካቻቢቴ ይዞ የካርቡራተሩን ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል። ሞተሩ መንገዳገዱን ትቶ እኩል መምታት ሲጀምር ፊቱ ይፈታና "አሁን ጠገበ" ይላል። በዚህች ቃል ቤት ሠርቶ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጋራዡ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ የስፌት መኪናዋ የተቀመጠችበት መስኮት የሚከፈተው በቀጥታ ወደ እሱ መሥሪያ ነው። እሷ ከመስኮቱ ወዲህ ትቀድዳለች፣ እሱ ከመስኮቱ ወዲያ ይቀድዳል፤ ሁለቱም በኋላ ይሰፋሉ።

እንግዲህ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲያስጮኽ የኖረ ሰው ጆሮው እንዴት ይተርፋል? መጀመሪያ የጠፉበት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። የስልክ ጥሪ ጠፋ፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ጠፋ፣ የልጅ ልጁ ወሬ ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻ ሆነ። ነጎድጓድ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ሰው ሲያዝን አንገቱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ማዶ ያለው አናጺ ጥርሱን ታሞ እንዳደረ ሲነግረው፣ ምሥራች የሰማ መስሎት "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎታል። ደንቆሮ ከሚሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ኩራተኛ ቢሉት መረጠ። ጆሮ የሌለው መካኒክ ዓይን እንደሌለው ልብስ ሰፊ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ይህ ነገር ቢታወቅ ማን ሞተሩን ያምነዋል? ሥራውን ቢያጣ ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለውም። ከሚስቱም የደበቀው ለዚህ ነበር።

ሚስቱ በበኩሏ በእነዚያ ዓመታት አንድ የሚያናድድ ልማድ አምጥታ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብሎኑን አዙሮ አዙሮ፣ "አሁን ጠገበ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ከች ትላለች። "እኔ ግመል ነኝ እንዴ?" ብሎ ያጉረመርማል። ግን እምቢ ማለት ነውር ነውና ይጠጣል። እስኪጠጣ የት እንደደረሰ ይጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ያስተካክላል። ደግነቱ፣ ሁልጊዜ አታመጣም። ሴት ስታረጅ ፍቅሯ በውሃ ይሆናል ማለት ነው እያለ በልቡ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ወተት አመላላሹ መጣ። ትሑት ጎልማሳ ነው፤ ከቆላው በኩል ካሉት ከብት አርቢዎች ወተት ይሰበስብና በሞተሩ ግራና ቀኝ ጀሪካን አስሮ ከዳገቱ አናት ወዳለው መረከቢያ ያደርሳል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየደከመበት እንደሆነ ተናገረና ኃይል እንዲጨምርለት ለመነው። እንደ ጎረምሶቹ ሞተር ቢጮኽለትም ደስ እንደሚለው አፍሮ ጨመረ። ነጎድጓድ በዚያች ሰዓት ማለት የነበረበትን ያውቀዋል። ሸክም ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሞተር የተዘጋው ማርሚታ ይሻላል ማለት ነበረበት። ነገር ግን ሰው ስሙን ይወዳል። ቱቦውን መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አሰረና ሆዱን ባዶ አወጣው። ካርቡራተሩንም እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን አጥንቱ ላይ ተክሎ አስተካከለ። ሚስቱ የዚያን ዕለት የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ውሃ ያመጣለት የለም። "አሁን ጠገበ" አለ፤ ወተት አመላላሹም እያንደቀደቀ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩን እየገፋ ተመለሰ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ ጀሪካኖቹ ውስጥ ያለው ወተት በፀሐይ ተበላሽቷል። ነጎድጓድ ስድብ ጠብቆ ነበር። ሰውየው ግን ጠጋ ብሎ፣ በረጋ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ ድምፁ ዳገቱን ወጥቷል፤ እኔና ወተቱ ነን ታች የቀረነው" አለው። የወንድሙን ሞተር ተውሶ እንደሚሠራ፣ ስለዚህ ተረጋግቶ እንዲያይለት ነግሮት ሄደ። ይህ እምነቱ ከስድብ የባሰ ሆነበት።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ አወጣ። ጤነኛ ሞተር ካንዴላው ጫፍ ላይ ቡናማ መልክ ይተዋል፤ ይህኛው እንደ ኖራ ነጥቷል። ቤንዚን አንሶት ሲቃጠል ነው የከረመው። የሞተሩን ራስ ከፍቶ ሲያይ ጭስ የሚያስወጣው ቫልቭ ዳሩ ተበልቷል። ጆሮው ያልነገረውን ዓይኑ ነገረው። ተርቦ ሲንገዳገድ የነበረውን ሞተር ጠገበ ብሎ አሰናብቶታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው። ከባንኮኒው ጥግ ተቀመጠና ዘይት በነካው እጁ ግንባሩን ይዞ ቆየ። አለቀሰ ለማለት አልደፍርም፣ ፊቱን ግን ብዙ ጊዜ ጠርጓል።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት። ጋራዡን ሊዘጋ እንደሆነ፣ ጆሮው እንደከዳው፣ ደብቋት እንደኖረ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወጣው። እሷ ወጥ አረረ የተባለች ያህል እንኳ አልደነገጠችም።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አናጺውን እንኳን ደስ ያለህ ከማለትህ በፊት ነው። ውሃውን ለምን የማመጣልህ ይመስልሃል?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እሷም ቀስ ብላ አስረዳችው። መስኮቷ ሥር ሞተር ሲስተካከል እየሰማች ጸጉሯ ሸብቷል። እሱ ጠገበ የሚላት ድምፅ የቷ እንደሆነች፣ እንደ ልጇ ሳል ለይታ ታውቃታለች። አንድ ጊዜ ሞተሩ ገና እየተንገዳገደ ጠገበ ሲል ሰማችው። ሌላ ጊዜም እንዲሁ። በደንበኛ ፊት አላስተካከልክም ብትለው አንገቱን ይደፋል፣ ዝም ብትል ሰው ይጎዳል። ውሃ ማምጣት ግን ማንንም ሳያሳፍር እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ሞተሩ ልክ የሆነ ጊዜ ከመቀመጫዋ አትነሣም።

በመጀመሪያ ተናደደ። እንደ ሕፃን ሲሞኝ የኖረ መሰለው። ከዚያ ግን ያለፉት ሞተሮች አንድ በአንድ ፊቱ መጡ። የአዋላጇ ሞተር፣ የፖስተኛው፣ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የዚያ አባት። ሁሉም በሰላም ወጥተው የገቡት በእሱ ጆሮ አልነበረም። ልቡ በምስጋና ሞላ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር። ያለው "አሁን ምን ይሻላል?" ብቻ ነው።

"አንተ በእጅህ ታውቃለህ፣ እኔ በጆሮዬ አውቃለሁ" አለችው። "ግማሽ ግማሽ መካኒክ ነን። ለአንድ ሞተር ደግሞ አንድ መካኒክ ይበቃዋል።"

ቫልቩን ቀየረ፣ ማርሚታውን እንደገና ቀደደው። በዚህ ጊዜ ግን ሆዱን ሊሞላው ነው። የተበሳሳ ቀጭን ቱቦ መሐሉ ላይ አቆመ፣ ዙሪያውን እሳት የማይበላው ጥጥ መሰል ነገር ጠቀጠቀበት፣ ጭሱ እየተጠማዘዘ እንዲወጣ ክፍልፋዮቹን በላሜራ ሠርቶ በየደው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወጣ የኖረውን መልሶ ሲያስገባ፣ ማዶ ያለው አናጺ ገርሞት ሥራውን ትቶ ያይ ነበር።

ከዚያ ሚስቱ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጣለች ወጣችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ በጓሮ በኩል ሳይሆን በጋራዡ በር፣ ሰው ሁሉ እያየ። ነጎድጓድ አፈረ፣ ግን ሞተሩን አስነሣ። እሷ የሞያውን ቋንቋ አታውቅም። "ስፌቱ እየዘለለ ነው" ትለዋለች፣ ብሎኑን ያላላል። "አሁን ደግሞ ክሩ ወጥሯል" ትለዋለች፣ ይመልሳል። እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ጣቷን ቀጥ አድርጋ አነሣችና "እኩል ሰፋ" አለች። ጥቂት አስኪዶ ካንዴላውን ሲፈታው ቡናማ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞ አየው።

ወተት አመላላሹ መጣ። ለሙከራ ጀሪካኖቹን ውሃ ሞሉና አሰሩለት። ሞተሩን ሲያስነሣው ድምፁ የስፌት መኪና ያህል ስለሆነ ሰውየው ተጠራጠረ፤ ሆኖም ማርሽ አስገብቶ ሄደ። ዳገቱ የሚጀምረው ከመንገዱ ጫፍ ነው፣ ቁልቁለቱም ሽቅቡም የሚታየው እስከ መታጠፊያው ድረስ ብቻ ነው። ከመታጠፊያው በኋላ ያለው ቀጥ ያለው ክፍል፣ ሞተሩ የቆመበት ያው ቦታ፣ በጆሮ እንጂ በዓይን አይገኝም።

ሰውየው ታጥፎ ጠፋ። ለነጎድጓድ ዓለም ጸጥ አለ። ጠፍቶ ይሆን? ቆሞ ይሆን? እዚያ ላይ እንደገና ከቆመ መሣሪያውን ሰብስቦ ሊያስቀምጥ ለራሱ ቆርጧል። የሚስቱን ፊት አየ። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ልክ እሱ ድሮ እንደሚያደርገው፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ከፊቷ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ቅንድቧ ተሰበሰበ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተፈታ።

"ወጣ" አለች። ከከንፈሯ ነው ያነበበው።

ያኔ በምሳው ሰዓት ያልተናገረው ምስጋና ወጣለት። "እግዜር ይስጥልኝ" አላት። "እስከዛሬ ስላደረግሽልኝ ሁሉ፣ ሳላውቅልሽ ስለኖርኩት ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።" በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ጮኾ ኖሮ አናጺው መጋዙን አቆመ፣ መንገደኞችም ዞር ብለው አዩአቸው።

እሷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀች፣ ድምፁን እንዲቀንስ በእጇ ምልክት ሰጠችው። "ቀስ በል እንጂ፣ እንደማትሰማ ሰው ሁሉ አወቀ እኮ።"

"ይወቅ" አላት፣ እንደዚያው እየጮኸ።