ከበሩ በላይ ያለው ሚስማር

የብስክሌት የኋላ ጎማ፣ ፔዳሉን ማንም ሳይረግጠው ብቻውን ሲሽከረከር፣ ጥርርር የሚል ድምፅ አለው። ሰሞኑን ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ አንድ ተማሪ ብስክሌቱን እየገፋ በአጠገቤ ሲያልፍ ያን ድምፅ ሰማሁት፤ ድምፁም የነጭ ጋዝ ሽታ ይዞብኝ መጣ። ሰባተኛ ሰፈር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋው ማዳበሪያ፣ በጉልበቷ የተንበረከከችው እህቴ ሰናይት፣ ከበላይዋ የቆመችው እናቴ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተመለሱ።

እናቴ አስካለ መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ የብስክሌት ዕቃዎች ትሸጥ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበረ እቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነበርና ቤቱም ሱቁም በእሷ እጅ ነበር። ሰናይት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከሱቁ ጥግ የተጣሉ ቁርጥራጮችን ለቃቅማ፣ አንድ ብስክሌት ገጣጥማ፣ ጠዋት ጠዋት የመሳለሚያ መንገድ በሚኒባስ ሳይሞላ እየነዳች ትለማመድ ነበር። እኔ ያኔ ገና ስምንት ዓመቴ ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴ ብስክሌቱን ቆልፎ ከማስቀመጥ የባሰ ቅጣት ፈለሰፈች። ሰናይት ዘግይታ ስትመጣ፣ ወይም ደንበኛ ፊት ቃል ስትመልስ፣ አንዳንዴም እናቴን እንዲሁ ሲከፋት፣ የኋላውን ጎማ አስወልቃ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደራረቡትን ጥርሶች፣ መካኒኮች ካሴት የሚሉትን፣ ራሷን ሰናይትን ታስፈታት ነበር። ለዚህ ሥራ ሦስት ዕቃ ያስፈልጋል። አንደኛው ጫፉ ላይ የአሮጌ ካቴና ቁራጭ የተበየደበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ካቴናው ጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ እንዳይዞር ይይዘዋል። እናቴ ይህን «አለንጋዬ» ትለው ነበር። ሁለተኛው ጥርሶቹን አፍኖ የያዘው ክዳን ውስጥ የሚገባ ቁልፍ፣ ሦስተኛው ቁልፉን የሚያዞረው ትልቅ መፍቻ ነው። በአንድ እጅ አለንጋውን፣ በሌላው መፍቻውን ተጭኖ መታገል ነው፤ እጅ ካመለጠ ጥርሱ ላይ ያርፋል።

በመጀመሪያው ቀን የሰናይት እጅ አመለጠና ጣቶቿ ተላጡ። እናቴ ጎንበስ ብላ አይታ፣ «ዕቃውን ታቆሽሺዋለሽ፣ ከወዲያ በኩል ያዢው» አለቻት። ጥርሶቹ ተፈትተው ሲያልቁ ሰናይት በነጭ ጋዝ አጥባ፣ እንደየተራቸው በሽቦ ትሰካቸው ነበር፤ ከሁሉም በፊት ግን ከጥርሶቹ ሥር የሚገባውን፣ ዓይን የማይሞላውን አንድ ስስ ቀለበት ታስቀድማለች። እናቴ አጭር ስለነበረች ወንበር ላይ ወጥታ ሽቦውን ከበሩ በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ መፍቻዎቹን ይዛ ሱቅ ትሄዳለች። ሰናይት በእግሯ ጣት ብትቆም ትደርስበት ነበር፤ ብታወርደው ግን መግጠሚያው ሱቅ ተቆልፎበታል። ስለዚህ ስንገባም ስንወጣም ካሴቱ ከራሳችን በላይ ሲወዛወዝ እናየው ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው፣ «ኧረ አስካለ፣ ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» ቢሏት፣ እናቴ እየሳቀች፣ «ምንም። ምንም እንዳታደርግ ነው» አለቻቸው።

«እማዬ፣ ዛሬ ልሂድ?» ትላታለች ሰናይት ለልምምድ መውጣት ሲያምራት። እናቴ ሻይዋን ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በሩ ላይ ስትደርስ፣ «ነገ እናያለን» ብላ ትወጣ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ የብስክሌት ክለብ ጥር ላይ ወጣት ሴቶችን ሊመለምል መሆኑን ሰናይት ሰማች። እስከ ጥር ድረስ ለእናቴ ገረድ ሆነችላት። ማልዳ ሱቅ ትጠርጋለች፣ የዛገ ካቴና ስትፈትግ ትውላለች፣ ማታ እግሯን ታጥባታለች። እናቴ ይህ በጣም ደስ ይላት ነበር። ደንበኞቿን ሰብስባ፣ «እዩልኝ ሻምፒዮኗን! ጥርሷን ብሰቅለው ጊዜ እንዴት ጨዋ ሆነች!» እያለች ታስቃቸው ነበር። ሰናይትም አብራቸው ትስቅ ነበር።

የምልመላው ዋዜማ ሰናይት ካሴቱ እንዲወርድላት ብትለምን እናቴ «ጠዋት» አለቻት። ጠዋት፣ ሰዓቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ካሴቱንና መግጠሚያውን አምጥታ ወለሉ ላይ አኖረችላት። ለመግጠም አለንጋው አያስፈልግም፤ ጥርሶቹን በቦያቸው አስገብቶ ክዳኑን ማጥበቅ ብቻ ነው። ሰናይት እየተጣደፈች አስገባች፣ አጠበቀች፣ ተነስታም የእናቴን ጉልበት ሳመች። «በይ ሂጂ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አለቻት እናቴ።

እኔን እትዬ ሙሉ በታክሲ ወሰዱኝ። ምልመላው ውድድር ነበር፤ መንገዱ ሜዳ እስካለ ድረስ ሰናይት ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ዳገቱ ሲጀምርና ከመቀመጫዋ ተነስታ ስትረግጥ ግን ካቴናው ቀጭ ቀጭ እያለ ከጥርስ ጥርስ ይዘል ጀመር፤ ቀጥሎም ትልቁን ጥርስ አልፎ የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገባና ጎማው ቀጥ ሲል አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ከኋላ የነበሩት ሁሉ አለፏት። የክለቡ አሰልጣኝ መጥቶ ጎማውን አንስቶ ካሴቱን በጣቱ ወዝወዝ አደረገው።

«እህቴ፣ ይኼ እኮ ይጫወታል፣ አልጠበቀም። ከሥር የሚገባው ስሱ ቀለበት የታለ?»

ሰናይት ጎንበስ ብላ ከጥርሶቹ ሥር ፈለገች። ያን ቀለበት ስንት ጊዜ አጥባ በሽቦው ላይ ያስቀደመችው እሷ ነበረች፤ በዚያ ጠዋት ጥድፊያ ግን መኖሩን አላየችም።

እቤት ስንገባ እናቴ ምሳ አቅርባ ትጠብቀን ነበር። የሱቁ ቁልፍ በሚንጠለጠልበት የአንገቷ ክር ላይ፣ ከቁልፉ ጎን፣ ስሱ ቀለበት ተሰክቷል። ልትደብቀው እንኳን አልሞከረችም።

«እኔ የምሸጠው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለቻት። «ከወደቀ ሰው ላይ የተለቀመ ዕቃ ነው። አንቺም ይኸው ወደቅሽ፣ አለቀ። አሁን ብይ።»

ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችላት። ሰናይት ክርኗ ላይ ደም እንደደረቀ፣ አፏን ከፍታ ተቀበለች።

ብስክሌቱ በቀጣዩ ክረምት ተበታትኖ ተሸጠ። የፈታችው ሰናይት ነበረች፣ እጇም አንድ ጊዜ እንኳን አላመለጠም።

አሁን እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት እሄዳለሁ። የእናቴን እጅና ጉልበት ቁርጥማት ይዞባታል፤ ያለ ምርኩዝ አትራመድም፣ እጆቿንም ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አትችልም። ሱቁን የያዘችው ሰናይት ናት፤ የአንገት ክሩም ከነቁልፉ፣ ከነቀለበቱ የእሷ ሆኗል። ለእናቴ የቀራት መሄጃ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ሰናይትዬ፣ ዛሬ ልሂድ?» ትላታለች። ሰናይት ሻይዋን ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ «ነገ እናያለን» ብላ ትወጣለች። ምርኩዙ ከበሩ በላይ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ቀን ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ ሰናይትን ጠየቅኋት። ረጋ ብላ፣ «ብትወድቅስ?» አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ ያ ሚስማር ወንበር ላይ ብወጣም የማልደርስበት ነበርና ቀና ብሎ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። አሁን እጄን ዘርግቼ ምርኩዙን አወርደዋለሁ፣ የእናቴንም ክንድ ይዤ እስከ አማኑኤል አደርሳታለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ግን ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ፤ እናቴም ከሥሩ ተቀምጣ፣ ቀና ብላ ታየዋለች።