ከሞጣ የመጣው ማሽን

ርዕሰ መምህራችን የኮምፒውተር ክፍሉን በሜትር ሲለካ ያየሁት ዕለት ደሜ ፈላ። ኳስ፣ መረብና የዝላይ ፍራሽ ሊያከማችበት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ንቀት አልወድም።

ቢቸና ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ክፍሉ ውስጥ በገመድ የተያያዙ ያረጁ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ለሁሉም ፋይል የሚያቀብል አንድ ሰርቨር። ኢንተርኔት የለንም። ሰርቨሩ ላይ ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሰበሰብኳቸው የመለማመጃ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ተማሪው ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይገባል፣ ይሠራል፣ የሳተውን ወዲያው ያያል። እኔ ሞጣ ስማር ለብሔራዊ ፈተና የተዘጋጀሁት እየተዋዋስን ባጠናናት አንዲት የተቀዳደደች ወረቀት ነው። ወረቀቷ እኔ ጋ ስትደርስ ግማሿ አልነበረም። ስለዚህ ያ ክፍል ለእኔ ክፍል ብቻ አልነበረም።

ሰርቨሩ አርጅቶ በየመሐሉ መጥፋት ሲጀምር ሞጣ ወርጄ የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ለመንኩ። ትርፍ ማሽን ነበራቸው፤ ሰጡኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣሁት። ረዳቱ "ጣሪያ ላይ ይጫን" ቢልም ዓይኔን ሳፈጥበት ተወኝ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሁሉንም ገለበጥኩ፤ ገጹ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ መምህራኑን ሁሉ ጠርቼ አሳየኋቸው። መፎከር ይቀናኛል።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ገቡ። ቁጥራቸውን ጻፉ፣ የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፣ "ግባ" የሚለውን ተጫኑ። ገጹ እንደገና ቁጥር ጠየቃቸው። ደገሙ፤ እንደገና ጠየቃቸው። ተሳስታችኋል እንኳ አይልም፤ ዝም ብሎ ወደ በሩ ይመልሳቸዋል። ሰርቨሩ ላይ ራሱ ቁጭ ብዬ ስሞክር ግን ያለ ምንም ችግር ገባሁ።

"ገመዱ ነው" አልኩ፤ ገመዱን ቀየርኩ። ገመዶቹ የሚገናኙባትን ማከፋፈያ ሳጥን ቀየርኩ። አድራሻውን አየሁ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ ጫንኩ። የፊዚክሱ መምህር በበሩ ባለፈ ቁጥር ብቅ እያለ ይተርበኛል።

"ሰርቨርሽ እኮ ቅኔ ሆነ። ሰሙ ይታያል፣ ወርቁን ማን ያውጣው?"

"ወርቁ ሲወጣ አንተ ታፍራለህ!" አልኩት። በልቤ ግን ፈርቻለሁ። ፋሲካ አልፏል፣ ፈተናው ደርሷል፣ ልጆቹ በየቀኑ በር ላይ መጥተው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ርዕሰ መምህሩ ሜትሩን ይዞ የመጣው ያኔ ነው።

"እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ፣ መምህርት" አለኝ። "ካልሆነ ለኳሶቹ ቦታ እፈልጋለሁ።"

ረቡዕ ጠዋት አንዲት የሙከራ ገጽ ጽፌ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥኩ። የፋይሎቹን ዝርዝር አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች እንዲሆን አድርጌ ከላይ ፈለግኳት። የለችም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ አሁን የጻፍኳት ገጽ ከሁሉም ሥር ተቀምጣለች! ቀኗን አየሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር እኔ ገና ተማሪ የነበርኩበት ዓመት ነው። በእኛ ግን የያዝነው ዓመት፣ የያዝነው ወር፣ የዛሬው ቀን።

ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። የማሽኑ ሰዓት አራት ይላል፤ የእጅ ሰዓቴም አራት ይላል። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ! ከእኔ ሰዓት ጋር ስለተስማማ ልክ ነው ብዬ እንጂ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ አሥር ይሉ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ሰርቨሩ ለሚገባ ተማሪ ሁሉ ለአንድ ሰዓት የምታገለግል የማለፊያ ምልክት ይሰጣል። ተማሪው የተቀመጠበት ኮምፒውተር በፈረንጅ እየቆጠረ የምልክቷን ቀን ያያል፤ ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈባት ናት። መናኸሪያ ሄዶ እንዲህ ያለ ትኬት የሚያሳይ መንገደኛ ማን ያሳፍረዋል? ኮምፒውተሩም ምልክቷን ይጥላታል፣ ልጁም በር ላይ ይቀራል። እኔ ሰርቨሩ ላይ ስሞክር የምገባው ሰጪውም ተቀባዩም ያው አንድ ማሽን ስለሆነ ነው።

ሰዓቱን ማን እንደነካው ለመገመት አልተቸገርኩም። የክፍሉ ቁልፍ የሚያድረው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። በየዓመቱ የጾሙን መግቢያ በባሕረ ሐሳብ አስልተው ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ፣ የግቢውን ሰዓት ሁሉ እየዞሩ የሚያስተካክሉ፣ የተሳሳተ ቀን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ጋሼ፣ የአዲሱን ማሽን ሰዓት ነክተውት ነበር?"

"አስተካከልኩት እንጂ!" አሉ ኮራ ብለው። "የፈረንጁን አቆጣጠር አጥቼው አይደለም፣ ልጄ። እነዚያ ኮምፒውተሮች ከውጭ ሲመጡም በፈረንጁ ነው የሚቆጥሩት። ይኸ ግን የልጆቻችንን ውጤት የሚይዝ ነው፤ የእኛን ቀን ቢይዝ ምናለበት ብዬ ነው።"

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። "እሱ ብቻውን የእኛን ሲቆጥር ሌሎቹ አላመኑትም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ብቻውን እውነት ይዞ ተቸገረ በያ!" ብለው ሳቁ። አብረን ሄደን ሰዓቱን እሳቸው እያዩ ወደ ፈረንጅ መለስኩት። ደጅ የነበረችውን አንዲት ተማሪ ጠርቼ ቁጥርሽን አስገቢ አልኳት። ገባች! የመጀመሪያው ጥያቄ ፊቷ ላይ ተከፈተ፤ እኔ እልል አልኩ፣ ጋሼ አጨበጨቡ። የፊዚክሱ መምህር ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ "ወርቁ ያው" አልኩት፤ አጎንብሶ እጅ ነሳኝ።

ጋሼ በበነጋው አንድ የግድግዳ ሰዓት ይዘው መጡና በእኛው አቆጣጠር ሞልተው ከሰርቨሩ በላይ ሰቀሉት። "ለእሱም የእሱ፣ ለእኛም የእኛ" አሉ።

ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ቃሉን ጠብቆ፣ ከስፖርት መምህሩ ጋር ኳስና መረብ ተሸክሞ መጣ። በሩን ገፋው፤ አልከፈት አለው፤ ከበሩ ጀርባ ድረስ ተማሪ ሞልቶ ነበር። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ሆነው ይከራከራሉ፣ ወንበር ያጡት መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። በበሩ ክፍተት አንገቱን አስግጎ አያቸው፤ ከዚያ መረቡን በትከሻው እንደያዘ "ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ 'ሐ' አይደለም እንዴ?" አለ።

"አይደለም!" አሉት ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ከቢቸና እስክዛወር ድረስ ኳሶቹ እሱ ቢሮ፣ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ።