ስምንተኛው መስመር

ሱሉልታ የምትኖረው የልጅ ልጄ ሌንሳ ርዝመት ዝላይ ትዘላለች። ባለፈው እሑድ እሸት ባቄላ ስንፈለፍል ስልኳን አሳየችኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዝላይ ትምህርት ነው፤ አንዴ ስትነካው ሩሲያኛ ሆነ። በኢንተርኔት ለሚመክራት ሩሲያዊ አሠልጣኝ፣ አይቶ አስተያየቱን እንዲነግራት ልትልክለት ነው።

"ምንም አላስቀረም?" አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የጠየቅኳት በምክንያት ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ በታች ነበር። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። አንድ ሩሲያዊ አሠልጣኝ ከኛ አካባቢ አንዲት ዘላይ ብቻ መርጦ አዲስ አበባ ሊወስድ ነው ተባለ። የቀረነው እኔና የሰበታዋ ጫልቱ ነበርን። ሰውየው ውጤታችንን በጽሑፍ ጠየቀ። የስፖርት አስተማሪያችን ኦቦ ቱፋ የኔን በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ወደ ሩሲያኛ እንዲመልሰው ደግሞ ራሽያ ተምሮ ለመጣው ታላቅ ወንድሜ ለግርማ ተሰጠ።

ግርማ ራሽያ የተማረው የትራክተር ጥገና ነው። የዝላይ ቃል ከየት ያምጣ? ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቃል ያነብና "እስቲ ይህን አሳዪኝ" ይለኛል። መንደርደሩን፣ መነሣቱን፣ አየር ላይ መንጠልጠሉን፣ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ እየዘለልኩ አሳየዋለሁ። እሱ ያየውን በሚያውቀው ሩሲያኛ ይጽፋል። ማረፉን አራት ጊዜ አስደገመኝ።

"ጉልበቴ ተላጠ እኮ!"

"ለአገር ነው፣ ዝለይ።"

ሲጨርስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አየኋቸው። ሩሲያኛ አላነብም፤ መቁጠር ግን እችላለሁ። የኦቦ ቱፋ ስምንት መስመር ነው፣ የሱ ሰባት።

"ግርሜ፣ አንዱ የት ሄደ?"

"አያስፈልግም።"

"ምን ይላል?"

እርሳሱን እያገላበጠ "የተለካው እግሯ ከተነሣበት ነው ይላል" አለኝ።

እኛ ትምህርት ቤት ዘላይ ረግጦ የሚነሣበት ጣውላ አልነበረም፤ የምንለካው እግር ከተነሣበት ነው። ሰበታዎች ግን ጣውላ ስላላቸው የሚለኩት ከጣውላው ነው። ጫልቱ ከጣውላው አንድ ስንዝር ቀድማ ብትነሣ ያ ስንዝር ይቀርባታል፤ ለእኔ ግን ሁሉም ይቆጠርልኛል። በወረቀት እበልጣታለሁ። ያቺ መስመር ከቀረች ሄጃለሁ ማለት ነው።

"ጻፈው" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ማን ያውቃል?"

"እኔና አንተ።"

"ኋላ እንዳታለቅሺ።"

"አለቅሳለሁ። ጻፈው።"

ጻፈው። አሠልጣኙም አንብቦ ሁለታችንንም ሰበታ ጠራንና በአንድ ጣውላ አዘለለን። ጫልቱ በአራት ጣት በለጠችኝ። ሜዳው ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ መጥታ ከቋጠረችው የገብስ ቆሎ አካፈለችኝ፤ እያለቀስኩ በላሁት። ግርማ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።

ሌንሳ ባቄላውን መፈልፈል ትታ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ "እማማ፣ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ይሄዱ ነበር" አለችኝ።

"እሄድ ነበር፤ በጫልቱ ቦታ።"

እነዚያ አራት ጣቶች ዛሬም ይቆጩኛል፤ ያቺ መስመር ግን አንድም ቀን ቆጭታኝ አታውቅም። መነጽሬን አድርጌ ስልኩን ተቀበልኳትና ከላይ ጀምሬ መስመሮቹን መቁጠር ያዝኩ።