ሲስተር የተባለችው እህቴ

ባለፈው ሰሞን አራስ ልጠይቅ ጎረቤት ገብቼ፣ ጡጦ የሚቀቀልበት ውኃ እንፋሎት ከአልኮል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ኮልፌ የነበረው የአባቴ ቤትና ታላቅ እህቴ አስቴር ትዝ አሉኝ። አስቴር ከሥራ መልስ መርፌ የምትወጋበትን የመስተዋት ስሪንጋዋን በላምባ ምድጃ ላይ ስትቀቅል ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር።

አባታችን በወጣትነቱ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ገበያ ኮረሪማና ማር የሚነግድ ሰው ነበር። አስቴር የመጀመሪያ ልጁ ናት፤ እኔን በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ «እትዬ» ነበር የምላት። ከእኔ በታች ታምሩ የሚባል ትንሽ ወንድም ነበረን። እትዬ የነርስነት ትምህርቷን አዳሪ ሆና ስትማር በወር አንድ እሑድ ብቻ እየመጣች፣ ፀጉሬን ሠርታ፣ ታምሩን አጥባ፣ ከእናቴ ጋር ስታወራ ውላ ትመለስ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በጥር ወር ተመርቃ ስትመጣና ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ክሊኒክ ስትመደብ፣ እንግዲህ እህቴን መልሼ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ዳሩ ግን ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ነጭ ቆቧን ደፍታ በሰፈሩ ባለፈች በሳምንቱ ስሟ ተለወጠ። መርፌ ሊወጋ የሚመጣው ሁሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ሲስተር አለች?» ይል ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። እናቴማ አንድ ቀን ለአባቴ «ያስተማሯት ፈረንጆች አስቴር ማለት አቅቷቸው ነው ሲስተር ያሏት» ስትለው ሰምቻለሁ፤ አባቴም አምኖ ራሱን ነቀነቀ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም በኩራት «ሲስተር» ይሏት ጀመር። አባቴ ከበር ስትገባ «ሲስተር መጣች፣ ወንበር ልቀቁላት» እያለ ሲያስነሳን እኔ በሆዴ እናደድ ነበር። በቤቱ ውስጥ «እትዬ» የምላት እኔና ታምሩ ብቻ ቀረን።

የበልጉ ዝናብ በትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ በሚወርድበት አንድ ጠዋት፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን አጭር ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጽፈው እንድተረጉም አስነሡኝ። ሲስተር የሚለውን ቃል አይቼ ያለ ጥርጥር «ይህች ነርሴ ናት» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ግን አልሳቁም።

«ማን እንዲህ ብሎ አስተማረሽ?»

«እህቴን ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚላት፤ ነርስ ናት።»

«ቃሉ እህት ማለት ነው። አንቺም ግን ከነጭራሹ አልተሳሳትሽም» አሉና ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ነገሩን አስረዱን። ድሮ በፈረንጅ አገር ሕመምተኛ የሚያስታምሙት ሴቶች መነኮሳይት ነበሩ፤ እነሱም እርስ በርሳቸው እህት ይባባሉ ነበርና ሕመምተኛውም እንዲሁ ይጠራቸው ጀመር። ኋላ ሥራው ወደ ዓለማውያን ሴቶች ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ተላለፈ፤ እንግሊዞች ለነርሶች አለቃ ብቻ ሲሉት፣ እኛ አገር ሲደርስ የነርስ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ወፍራም መዝገበ ቃላት ገልጬ እንዳየሁት ደግሞ፣ ቃሉ ዛሬ የያዘውን መልክ እንግሊዞቹ ራሳቸው ያገኙት የሰሜንን ባሕር ተሻግረው መጥተው አገራቸው ላይ ከሰፈሩ ሰዎች አፍ ነው።

እቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አቁማ አየችኝ።

«ታዲያ ኮልፌ በሙሉ እህቴ እያለ ነው የሚጠራት?»

«አዎ።»

«ሁሉም እህቴ ካላት ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ቀልዷን ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ አባቴ ወደ ከፋ በወረደበት ሰሞን፣ ታምሩ በኃይለኛ ትኩሳት ተያዘ። አንገቱ ደርቆ አልታጠፍ ሲል እናቴ አዝላው፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ክሊኒክ ደረስን። የዕለቱ ሐኪም አልነበሩም፤ እትዬ ብቻዋን ነበረች፤ ሰው በረንዳውን ሞልቶታል። ከእኛ በፊት ወይዘሮ ብዙነሽ የሚባሉ የጉራጌ ሴት ትንሽ ሴት ልጃቸውን ይዘው ገብተው ነበር፤ ልጅቷ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ዓይኗ ተገልብጧል።

እናቴ ተራውን ጥሳ ገብታ «አስቴር! ወንድምሽ ነው!» ብላ ጮኸች። እትዬ ቀና ብላ መጣች፤ ግንባሩን ዳሰሰች፣ አንገቱን ያዘች።

«እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ያቺ ልጅ ትንፋሿ እየተቆረጠ ነው።»

«የእናትሽ ልጅ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ከሰዓት በላይ ጠበቅን። ከዚያ ወጥታ ታምሩን ወጋችውና መኪና ለምና ከእናቴ ጋር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችው። ወንድሜ ዳነ፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ በኋላ አልሰማም። የሆስፒታሉ ሐኪም በሽታው ራሱ ይህን እንደሚያደርግ፣ የጠበቅንበት ሰዓት ለውጥ ያመጣ አያመጣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ለእናቴ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን አላመነችም። አስቴርንም በስሟም በሲስተርም መጥራት ተወች፤ «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ዝጊው» ብቻ ሆነ ንግግራቸው። አባቴ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ማንንም አልወቀሰም። እትዬ አንድም ቀን ስትከራከር አልሰማኋትም። ከታምሩ ጋር ስትሄድ ግን ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ትሆን ነበር።

በመስቀል ማግስት ወይዘሮ ብዙነሽ ቆጮና ቅቤ አስይዘው፣ ልጃቸውን እየመሩ መጡ። እናቴ በወጉ ተቀበለቻቸው። ከተቀመጡ በኋላ «ይቺ ናት?» አለች፣ ልጅቷን እያየች።

«ይቺው ናት። እኔ እህት የሚባል አልፈጠረልኝም ነበር፤ አሁን ግን የእርስዎ ልጅ እህቴ ናት» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፤ የእንግሊዝኛውን ትርጉም እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። ልጅቷ መሬት ከተቀመጠው ከታምሩ ጎን ሄዳ በግራ ጆሮው የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ እሱ አልሰማም፤ እሷም ደጋግማ ጠየቀችው። እናቴ ሁለቱን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ልጅቷን ወደ ራሷ ስባ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና ወደ ጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አስቴር፣ ነይ ቁጭ በይ፣ አብረሽን ብዪ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እስክትሞት ድረስ አስቴር አለቻት፤ ሲስተር ግን ዳግም አላለቻትም።

እኔና እትዬ ካረጀን በኋላ አንድ ቀን፣ ያ ቀን ቢመለስ ምን እንደምታደርግ ጠይቄያት ነበር። «ያቺኑ ልጅ ነው የማስቀድመው» አለችኝ፣ ሳታመነታ። ቀጥላም «ለታምሩ ግን ይህን አልነገርኩትም» አለች።

ያኔ በኮልፌ ሲስተር የምትባል እኛ የምናውቃት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ስሟ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሣ ነበር። ዛሬ ቃሉ የመንገድ ሆኗል፤ ወጣቶች የማያውቋትን ልጅ መንገድ ሲጠይቁም፣ ሲቀልዱም «ሲስተር» ይላሉ፤ እኛን አሮጊቶቹን ደግሞ «ማዘር» ነው የሚሉን። እህቴ ጡረታ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው። አብረን ገበያ ስንሄድ ግን ከኋላችን አንዱ «ሲስተር!» ሲል፣ የተጠራችው ሌላ እንደሆነች እያወቀችም፣ አስቴር አሁንም ቆም ብላ ትዞራለች።